ሉፐስ ኩላሊትን የሚጎዳው እንዴት ነው? አዳዲሶቹ መድኃኒቶችስ ምን ይለውጣሉ?

እስከ ዲሴምበር 2020 ድረስ በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር «ለሉፐስ የኩላሊት ብግነት» ተብሎ በስሙ የተፈቀደ አንድም መድኃኒት አልነበረም። ሐኪሞች ለካንሰር፣ ለንቅለ ተከላና ለሌሎች ሕመሞች የተሠሩትን እያመጡ ነበር የሚያክሙት። ከዚያ ወዲህ ግን ሦስት መድኃኒቶች ተከታትለው ፈቃድ አገኙ፤ ቤሊሙማብ በዲሴምበር 2020፣ ቮክሎስፖሪን በጃንዋሪ 2021፣ ኦቢኑቱዙማብ ደግሞ በኦክቶበር 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመሐሉም ከጀርመኗ ኤርላንገን ከተማ ሌላ ዜና ተሰማ። የታማሚዎችን የገዛ ራሳቸውን የመከላከያ ሕዋሳት አውጥቶ፣ በላቦራቶሪ ለውጦ መልሶ በመስጠት ከባድ ሉፐስ ያለ መድኃኒት ከዓመት በላይ ጸጥ ሊል እንደሚችል ታየ።

እነዚህ ዜናዎች ተደራርበው ሲሰሙ «ለሉፐስ መድኃኒት ተገኘለት» ያሰኛሉ። መድኃኒቶቹ የሚሠሩትንና የማይሠሩትን ለመመዘን ግን አስቀድሞ በሽታው ወደ ኩላሊት የሚገባበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። መንገዱን የተከታተለ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውላል፤ ብዙ ኩላሊት የሚጠፋው አዲስ መድኃኒት ስለሌለ ሳይሆን ብግነቱ በጀመረበትና በታወቀበት ቀን መካከል ረጅም ጊዜ ስለሚያልፍ ነው።

ዒላማው ኩላሊት አይደለም

ስለ ሉፐስ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «የሰውነት የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ ራሱን ያጠቃል» የሚለው ነው። አባባሉ ውሸት ባይሆንም ሰሚውን ያሳስታል። የመከላከያ ሥርዓቱ ኩላሊትን ጠላት ብሎ ለይቶ የዘመተበት ያስመስለዋል። አንድን አካል ለይተው የሚመቱ በሽታዎች አሉ፤ ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን የቆሽት ሕዋሳት ለይቶ ያጠፋል። ሉፐስ ግን እንዲህ አይደለም። ዋና ዒላማው በሕዋስ አስኳል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ፣ ዲኤንኤው የሚጠመጠምበት ሂስቶን የተባለ ፕሮቲንና በዙሪያቸው ያሉ ቅንጣቶች ናቸው። እነዚህ ደግሞ በሁሉም የአካል ክፍል ይገኛሉ። በሽታው ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ሳንባን፣ ልብን፣ አንጎልንና ደምን ሁሉ ሊነካ የሚችለው ለዚህ ነው። ኩላሊትን ለጉዳት የሚያጋልጠው የሚሠራው ሥራ ነው።

ያልተጠረገው ቅሪት

በጤነኛ ሰው አካል ውስጥ በየቀኑ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሕዋሳት ይሞታሉ። አሟሟታቸው ሥርዓት አለው። ሕዋሱ ይሸበሸባል፣ ይቆራረጣል፤ ውስጡ ያለው ሳይፈስም በአጠገቡ ያሉ ሌሎች ሕዋሳት ይውጡታል። በሉፐስ ይህ ጽዳት ይጓተታል። ቅሪቱ ሳይነሳ ሲቆይ ይፈርስና በአስኳሉ ተከድኖ የነበረው ዲኤንኤና አርኤንኤ ወደ ውጭ ይወጣል።

ለዚህ አንዱ ጠንካራ ማስረጃ የተገኘው በዘር ከሚተላለፍ አንድ ብርቅ ጉድለት ነው። ኮምፕሊመንት በሚባለው የደም ፕሮቲኖች ቤተሰብ ውስጥ ሲ1ኪው የተባለ ፕሮቲን አለ። ከሥራዎቹ አንዱ በሞቱ ሕዋሳት ላይ ተለጥፎ እንዲጠረጉ ምልክት መስጠት ነው። ይህ ፕሮቲን ከልደታቸው ጀምሮ ጨርሶ የሌላቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱ አብዛኞቹን ግን ሉፐስ ወይም ሉፐስን የሚመስል ሕመም ይይዛቸዋል።

የፈሰሰው ዲኤንኤና አርኤንኤ በመከላከያ ሥርዓቱ ዘንድ ከቫይረስ ጋር ይምታታል። ቲኤልአር7 እና ቲኤልአር9 የተባሉት ተቀባዮች የተሠሩት የቫይረስንና የባክቴሪያን ዘረመል ለማወቅ ነው፤ የራስን ቅሪት ሲያገኙም ያንኑ ምላሽ ይሰጣሉ። ምላሹ ኢንተርፌሮን ይባላል፤ ሰውነት ቫይረስን ለመዋጋት የሚያመነጨው ኬሚካል ነው። ሉፐሷ የተነሳባት ሴት ኃይለኛ ጉንፋን እንደያዘው ሰው የሚሰማት ድካምና ትኩሳት በአብዛኛው ከዚሁ የሚመጣ ነው።

የቲኤልአር7 ጂን የሚገኘው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴቶች ካሏቸው ሁለት ኤክሶች አንዱ በየሕዋሱ ይዘጋል፤ ይህ ጂን ግን በአንዳንድ የመከላከያ ሕዋሳት ውስጥ ከመዘጋት ያመልጣል። በመውለጃ ዕድሜ ካሉት የሉፐስ ታማሚዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ሴቶች የመሆናቸው አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ሆርሞኖችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በ2022 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ በአንዲት ልጅ ቲኤልአር7 ጂን ላይ የተገኘ አንድ ነጠላ ለውጥ በሽታውን ለማስነሳት እንደሚበቃ አሳይቷል። አብዛኞቹ ታማሚዎች ግን እንዲህ ያለ አንድ ጥፋተኛ ጂን የላቸውም። በእነሱ ላይ የሚታየው የብዙ ትናንሽ ዝንባሌዎች፣ የሆርሞንና የአካባቢ ድምር ነው።

ኢንተርፌሮኑ ቢ ሕዋሳት የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ይቀሰቅሳል። እነሱም ፀረ ዲኤንኤ አንቲቦዲ ያመርታሉ፤ እንዲህ ያለ አንቲቦዲ በሉፐስ ታማሚዎች ደም ውስጥ እንዳለ ከታወቀ ከ1957 ወዲህ ከስድሳ ዓመታት በላይ አልፈዋል። አንቲቦዲው ዲኤንኤውን ሲይዝ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ጥምር ይሆናሉ። ጥምሩ ደግሞ ተመልሶ ተጨማሪ ኢንተርፌሮን ያስመነጫል። ዑደቱ አንዴ ከተነሳ ራሱን በራሱ ይመግባል። የፀሐይ ጨረር የቆዳ ሕዋሳትን ገድሎ ለዑደቱ ተጨማሪ ቅሪት ስለሚያቀብል ነው ሐኪሞች «ከፀሐይ ተጠንቀቂ» የሚሉት።

ለምን ኩላሊት?

ሁለቱ ኩላሊቶች ተደምረው ከሰውነት ክብደት አንድ በመቶ አይሞሉም። ልብ ከሚረጨው ደም ግን አንድ አምስተኛው ያህል ወደ እነሱ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ ኔፍሮኖች አሉ፤ የየአንዳንዱ ኔፍሮን መነሻ ግሎሜሩለስ የሚባል የቀጫጭን ደም ሥሮች ጥቅል ነው። እዚያ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ይጣራል። አንድ ወይም ሁለት ሊትር ሽንት ሆኖ ሲወጣ ቀሪው ወደ ደም ይመለሳል። ነገሩ እንደ ጠላ ማጥለያ ነው፤ ብዙ በፈሰሰበትና በተጨመቀ ቁጥር አተላው እዚያው ይቀራል።

ማጣሪያው ግን ዝም ብሎ የሚቀበል አይደለም፤ ራሱም ይስባል። የግሎሜሩለስ ገለፈት አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት ሲኖረው ሂስቶን አዎንታዊ ሙሌት አለው። ከሞቱ ሕዋሳት የወጡት የዲኤንኤና የሂስቶን ስብርባሪዎች መጀመሪያ ገለፈቱ ላይ ይጣበቃሉ፤ አንቲቦዲው መጥቶ የሚይዛቸው እዚያው ነው። ሌላው መንገድ በደም ውስጥ አስቀድሞ የተሠራው ጥምር ሲያልፍ መቀርቀሩ ነው። ከኩላሊት ሕዋሳት ጋር በቀጥታ የሚገናኙ አንቲቦዲዎችም ተገኝተዋል። ተመራማሪዎች የሚከራከሩት በየትኛው መንገድ ምን ያህሉ ይደርሳል በሚለው ላይ ነው፤ ሦስቱም መኖራቸው ብዙም አያከራክርም።

የበሽታውን መልክ በአብዛኛው የሚወስነው ጥምሩ ያረፈበት ቦታ ነው። ቀጫጭኖቹን ደም ሥሮች ደግፎ በሚይዘው ሜሳንጂየም በተባለው አካባቢ ብቻ ከሆነ ጉዳቱ ቀላል ይሆናል፤ በሽንት ትንሽ ደም ወይም ትንሽ ፕሮቲን ከመታየት አያልፍም። በገለፈቱ የውስጥ ገጽ፣ ማለትም ደሙ በሚያልፍበት በኩል ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። እዚያ የተቀመጠው ጥምር ከደሙ ጋር ስለሚገናኝ ኮምፕሊመንትን ይቀሰቅሳል፤ ኮምፕሊመንቱ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይጠራል፤ የመጡት ሕዋሳት ኬሚካላቸውን ይረጫሉ። ደም ሥሩ ያብጣል፣ ይዘጋል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። ጥምሩ በገለፈቱ የውጭ ገጽ ሲያርፍ ደግሞ ገለፈቱ ከደሙ ስለሚጋርደው የሕዋሳት ጎርፍ አይመጣም። ይልቁንም ፕሮቲን እንዳያመልጥ የሚጠብቁት ፖዶሳይት የተባሉ ሕዋሳት ይጎዱና ፕሮቲን በብዛት በሽንት ይወጣል። እንዲህ ያለባት ታማሚ የኩላሊት አቅም የሚለካበት ክሬቲኒን የተባለው የደም ቅሪት ደህና ሆኖ እግሯና ፊቷ ሊያብጥ ይችላል።

በዚህ ላይ ለብዙ ሰው የሚያደናግር ተቃርኖ አለ። ኮምፕሊመንት ሲጎድል ሉፐስ ይመጣል ብለናል፤ ኩላሊትን የሚያቃጥለውም ያው ኮምፕሊመንት ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የቤተሰቡ አባላት ቅሪትን በማስጠረግ ይከላከላሉ፤ ጥምሩ ከተሠራ በኋላ ደግሞ ያው ሰንሰለት ብግነትን ያካሂዳል። በሽታው ሲነሳ በደም ምርመራ ሲ3 እና ሲ4 የተባሉት የቤተሰቡ አባላት የሚቀንሱት ሥራ ላይ ውለው ስላለቁ ነው። ሐኪሙ «ኮምፕሊመንትሽ ወርዷል» ሲል የሚጨነቀው አንድ ቦታ ላይ እየነደደ መሆኑን ስለሚነግረው ነው።

ናሙናው የሚናገረው

የደምና የሽንት ምርመራ ኩላሊት ውስጥ ችግር እንዳለ ይጠቁማል፤ የትኛው ችግር እንደሆነ ለመለየት ግን ባዮፕሲ ያስፈልጋል። ታማሚዋ በሆዷ ተኝታ፣ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ፣ በማደንዘዣ ከጀርባዋ በኩል በመርፌ ቀጭን የኩላሊት ሥጋ ይወስዳል። ናሙናው በፍሎረሰንት ቀለም ሲታይ አይጂጂ፣ አይጂኤና አይጂኤም የተባሉት አንቲቦዲዎች፣ ሲ3 እና ሲ1ኪው አምስቱም በአንድ ላይ ማብራታቸው ሉፐስን አጥብቆ ይጠቁማል፤ በሌሎች የኩላሊት በሽታዎች እንዲህ ተሟልተው መገኘታቸው ብርቅ ነው። በተራው ማይክሮስኮፕ ደግሞ የደም ሥሮቹ ግድግዳ በጥምር ተሞልቶ እንደ ታጠፈ ሽቦ ደርቆ ይታያል። በከባዱ ዓይነት ከፈነዳው ደም ሥር የወጣው ነገር ሕዋሳትን አባዝቶ ግሎሜሩለሱን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ከውጭ ይጨፈልቀዋል።

በ2003 የወጣው ዓለም አቀፍ ምደባ በሽታውን በስድስት ክፍሎች ያስቀምጣል። አንደኛውና ሁለተኛው ቀለል ያሉ ናቸው። ሦስተኛውና አራተኛው ጠንካራ ሕክምና የሚሹ ናቸው። አምስተኛው የፕሮቲን መፍሰስ የሚያይልበት ነው፤ በስድስተኛው አብዛኛው ማጣሪያ ጠባሳ ሆኗል። እኔ ከክፍሉ ቁጥር ይልቅ ክብደት የምሰጠው ለሌላ ጥያቄ ነው፤ ከሚታየው ጉዳት ስንቱ ገና ትኩስ ብግነት፣ ስንቱ የደረቀ ጠባሳ ነው? ትኩሱን መድኃኒት ይመልሰዋል። ጠባሳውን ግን ጥንትም ዛሬም የሚመልስ መድኃኒት የለም። ጠባሳ ለሆነ ኩላሊት ኃይለኛ መድኃኒት መስጠት ታማሚዋን ለኢንፌክሽን አጋልጦ ምንም ሳያተርፍ ሊቀር ይችላል። ለትኩሱ መዘግየት ደግሞ የሚድነውን መቅበር ነው።

ሕመም የሌለበት ጉዳት

የኩላሊት ማጣሪያ ሲቃጠል አያምም። ጎን ላይ የሚሰማ ውጋት የለም፤ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠልም የለም። ክሬቲኒን ከፍ የሚለው ብዙ ኔፍሮኖች ከተጎዱ በኋላ ነው፤ ቀሪዎቹ ሥራውን ደርበው ስለሚሠሩ ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ደህና መስሎ ይቆያል። አስቀድሞ የሚታየው ምልክት በሽንት ውስጥ ያለ ፕሮቲንና ደም ነው፤ ይህንንም ዓይን ሁልጊዜ አያየውም። አረፋ የበዛበት ሽንት፣ ጠዋት ዓይን ዙሪያ የሚታይ እብጠት፣ በወጣት ሴት ላይ ያልተጠበቀ የደም ግፊት መነሻ ምልክቶች ቢሆኑም ብዙዎች ከእነዚህ አንዱንም ሳያዩ ወደ ከባዱ ክፍል ይደርሳሉ።

ከሉፐስ ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ በአንድ ወቅት ኩላሊታቸው ይነካል፤ ብዙ ጊዜም በሽታው በታወቀ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ መዘግየቱ የሚጀምረው ገና ከሉፐሱ ነው። ጉንጭ ላይ የሚወጣው መቅላትና መጥቆር ማድያት ወይም ምች ይባላል። የመገጣጠሚያው ሕመም ቁርጥማት ይባላል። ለቁርጥማቱ ደግሞ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛል፤ እነዚህ ወደ ማጣሪያው ደም የሚያስገባውን ደም ሥር የሚያስፋፉትን ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ኬሚካሎች ስለሚያግዱ አስቀድሞ በብግነት የተጨነቀውን ኩላሊት ይበልጥ ያፍኑታል። ሕመሙን አስታግሶ ኩላሊቱን የሚጎዳ መድኃኒት ያለ ሐኪም ለወራት መውሰድ እጅግ የሚያሳስብ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ቀድሞ የሚይዘው ምርመራ ርካሽ ነው። የሽንት መመርመሪያዋ ወረቀት ጫፍ ላይ ያለችው ቢጫ ክፍል ፕሮቲን ስታገኝ በደቂቃ ውስጥ ወደ አረንጓዴ ትለወጣለች። ወረቀቷ መጠኑን በትክክል አትነግርም፤ ለዚያ የሽንት ፕሮቲንና ክሬቲኒን ንጽጽር ያስፈልጋል። በቀን ግማሽ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን ከወጣ ባዮፕሲ የሚታሰብበት ደረጃ ላይ ተደርሷል።

የሕክምናው ሚዛን

የሕክምናው ታሪክ የድርድር ታሪክ ነው፤ ኩላሊት ሲተርፍ ሌላ ነገር ይከፈላል። ፕሬድኒሶሎን ብግነቱን በፍጥነት ያበርዳል፤ በረጅሙ ግን አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ግፊት ያመጣል፣ ፊት ያሳብጣል። በ1986 የታተመ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጥናት ሳይክሎፎስፋማይድ ሲጨመር ኩላሊት በተሻለ እንደሚተርፍ አሳየ። ዋጋው ኢንፌክሽንና መካንነት ሆነ፤ ታማሚዎቹ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ስለሆኑም ቀላል ዋጋ አልነበረም። በ2002 አውሮፓውያን ባወጡት ጥናት በየሁለት ሳምንቱ 500 ሚሊ ግራም፣ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ የሚሰጥ አነስተኛ መጠን ከከፍተኛው ጋር ተመጣጣኝ ውጤት አስገኘ። በ2009 ደግሞ ማይኮፌኖሌት ከሳይክሎፎስፋማይድ እንደማያንስ ታየ። ማይኮፌኖሌት የመውለድ አቅምን አይነካም፤ ፅንስን ግን ይጎዳል። በመሆኑም ለመውለድ ያሰበች ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ ነግራ ወደ አዛታዮፕሪን መቀየርና ኩላሊቷ ቢያንስ ስድስት ወር ጸጥ ማለቱን ማረጋገጥ ይኖርባታል።

ሦስቱ አዳዲስ መድኃኒቶች የመጡት በዚህ መሠረት ላይ ተደርበው ነው። ቤሊሙማብ ለቢ ሕዋሳት የመኖሪያ ምልክት የሚሰጠውን ፕሮቲን ይይዛል። ቮክሎስፖሪን ቲ ሕዋሳት የተባሉትን ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት ያዳክማል፣ ፖዶሳይቶችንም ይደግፋል። ኦቢኑቱዙማብ ቢ ሕዋሳትን ይገድላል። የተፈለገውን የኩላሊት ውጤት ያገኙት በቤሊሙማብ ጥናት ከ32 ወደ 43 በመቶ፣ በቮክሎስፖሪን ከ23 ወደ 41፣ በኦቢኑቱዙማብ ከ33 ወደ 46 ከፍ ብለዋል። ጥናቶቹ የተጠቀሙበት መለኪያና ጊዜ ስለሚለያይ ቁጥሮቹን እርስ በርስ ማፎካከር ልክ አይሆንም። በጋራ የሚናገሩት ግን አለ፤ ጥቅሙ እውነተኛ ነው፣ በሦስቱም ጥናቶች ግን ከግማሽ በላይ ታማሚዎች ግቡ ላይ አልደረሱም። ሌላም ትምህርት አለ። ከአሥር ዓመት በላይ በፊት ሪቱክሲማብ ያንኑ ቢ ሕዋስ ለመግደል ተሞክሮ በትልቁ ጥናት አልተሳካም ነበር፤ ኦቢኑቱዙማብ የተሻለው ሕዋሳቱን ጠልቆ ስለሚያጠፋ እንደሆነ ይገመታል።

የኤርላንገኑ ሕክምና ይህን ጠልቆ የማጥፋት ሐሳብ እስከ መጨረሻው ይወስደዋል። የተለወጡት ቲ ሕዋሳት ቢ ሕዋሳትን ከሕብረ ሕዋስ ውስጥ ሳይቀር እየፈለጉ ያጠፋሉ፤ በኋላ የሚወለዱት አዳዲስ ቢ ሕዋሳት የድሮውን ስሕተት አይደግሙም የሚል ተስፋ ነው ያለው። በ2024 በታተመው ጥናት ከታከሙት 15 ሰዎች ስምንቱ ሉፐስ የነበረባቸው ናቸው፤ ስምንቱም ጸጥታ አገኙ። አስደናቂ ውጤት ነው፤ ቁጥሩ ግን ስምንት ነው። ከሕክምናው በፊት ኬሞቴራፒ ያስፈልጋል፤ ለደም ካንሰር የሚሰጠው ተመሳሳይ ሕክምናም በአሜሪካ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል።

«ጥቁር» የሚለው ምድብና ኢትዮጵያዊው ኩላሊት

በውጭ ለሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ነገር መነገር አለበት። በአሜሪካ መዛግብት ጥቁር ታማሚዎች በሉፐስ ኩላሊታቸው በብዛትና በፍጥነት ይወድቃል። ከምክንያቶቹ አንዱ አፖኤል1 የተባለ ጂን ነው። በምዕራብ አፍሪካ የተስፋፉት ሁለት የጂኑ ዓይነቶች ከእንቅልፍ በሽታ ጥገኛ ተሕዋስ ሲከላከሉ ኩላሊትን ግን ለጉዳት ያጋልጣሉ። በ2011 የታተመ ጥናት በእስራኤል ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ኢትዮጵያውያንን መርምሮ ከዚህ ጂን ጋር የተያያዘውን የኤችአይቪ የኩላሊት በሽታ አላገኘም፤ አደገኛዎቹን የጂን ዓይነቶችም በኢትዮጵያውያኑ ናሙና አላገኘም። ይህ ኢትዮጵያዊት ታማሚ ከሉፐስ ጉዳት ትድናለች ማለት አይደለም። አንድ የቆዳ ቀለም ምድብ የሁሉንም ዕጣ እንደማይናገር ግን ያሳያል። በአሜሪካ የኩላሊት አቅም ስሌት ላይ ለጥቁሮች ይጨመር የነበረው ማስተካከያ በ2021 እንዲቀር መመከሩም ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ ማስተካከያው ኩላሊቱ የተዳከመን ሰው ጤነኛ እያስመሰለ ሕክምናውን ሊያዘገይ ይችል ነበር።

ከዚህ በኋላ

ባለጸጋ አገሮች የሚሄዱበት መንገድ ከወዲሁ ይታያል። መድኃኒቶችን ገና ከመጀመሪያው ማጣመር፣ ፕሬድኒሶሎንን በስድስት ወር ገደማ በቀን እስከ 5 ሚሊ ግራም ዝቅ ማድረግና የሕዋስ ሕክምናን ለከበደባቸው ማቆየት ነው። ጥናቶቹ ከተሳኩ የሕዋስ ሕክምናው ወደፊት ሊቀርብ ይችላል፤ ዋጋው በዚያው ፍጥነት ይወርዳል ብዬ ግን አላምንም።

በኢትዮጵያ ጥያቄው ሌላ ነው። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2015 ተጀምሯል፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ለብዙ ቤተሰብ ግን የኩላሊት እጥበት አሁንም ከኪስ የሚከፈል፣ የታማሚው ፎቶ ከባንክ ሒሳብ ቁጥር ጋር በየማኅበራዊ ገጹ የሚዞርበት ወጪ ነው። በዚህ ሁኔታ ሦስቱን አዳዲስ መድኃኒቶች ቶሎ ማስገባት ቀዳሚ ሥራ መሆን ያለበት አይመስለኝም። ብዙ ኩላሊት የሚያተርፈው በእጅ ያለው ነው። ለወባ ከምናውቀው ክሎሮኪን ጋር የሚዛመደው ሃይድሮክሲክሎሮኪን የበሽታውን መነሳት ይቀንሳል፤ መጠኑ በቀን በኪሎ ከ5 ሚሊ ግራም ካላለፈና ዓይን ክትትል ከተደረገለት ለዓመታት ይወሰዳል። አነስተኛው የሳይክሎፎስፋማይድ መርሐ ግብር ርካሽና የተፈተነ ነው። ለንቅለ ተከላ የሚገባው ታክሮሊመስም ከቮክሎስፖሪን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ በ2015 የታተመ የቻይና ጥናት ከማይኮፌኖሌት ጋር ሲጣመር ጥሩ ውጤት አሳይቷል። የመከላከያ ኃይልን የሚያዳክሙት ከመጀመራቸው በፊት የሳንባ ነቀርሳና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ የግድ ነው፤ አንዱን ሕመም ስናበርድ የተኛውን ሌላ እንዳንቀሰቅስ።

ለዚህ የሚያስፈልገው የመድኃኒት አቅርቦት እንዳይቋረጥ ማድረግ፣ ባዮፕሲ የሚያነቡ ባለሙያዎችንና የፍሎረሰንት ምርመራን ከአዲስ አበባ ውጭ ማስፋት፣ የሽንት ምርመራንም የሉፐስ ክትትል ቋሚ አካል ማድረግ ነው። የመድኃኒት መቋረጥ ቀላል ነገር አይደለም። ዓለም አቀፉ መመሪያ ሕክምናው ቢያንስ ሦስት ዓመት እንዲቆይ ይመክራል፤ ምክንያቱም ምልክት ጠፍቶ፣ ሽንትም ጠርቶ፣ ናሙና ሲወሰድ ብግነቱ አሁንም የሚታይባቸው አሉ።

ሉፐስ አለብሽ የተባልሽ፣ ወይም እህትሽ፣ ልጅሽ፣ ጓደኛሽ የተባለችብሽ አንባቢ ሆይ፦ ደህና ብትሆኑም በየሦስት ወሩ ሽንትና የደም ግፊት ይታይ፤ ፕሮቲን ከተገኘ ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙና በቀጣዩ ጊዜ አነጻጽሩ። ለቁርጥማት ማስታገሻ ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። ጸበል የምትሄዱም ብትሆኑ መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ። ፕሬድኒሶሎንን በራሳችሁ ድንገት አታቋርጡ፤ ከገበያ ከጠፋም በዚያው ቀን ለሐኪማችሁ አሳውቁ።